ሁለት ጊዜ ተሰናብቶ ያልሄደው ዜኖን ኩርፒሽ

በምድር ላይ ያለ ከተማ ሁሉ ተሰናብቶ የማይሄድ አንድ ሰው አለው። ይህን የምለው በግምት አይደለም። ካፖርቱን ለብሶ፣ ባርኔጣውን ደፍቶ፣ የቤቱን ሰው በሙሉ ስሞ ካበቃ በኋላ የበሩን እጀታ እንደ ያዘ ሌላ ወሬ የሚጀምር እንግዳ የማታውቁ ከሆነ፣ ወይ እንግዳ የማትቀበሉ ሰዎች ናችሁ፤ ወይም ያ እንግዳ እናንተው ራሳችሁ ናችሁ።

የእኛ ከተማ ቫርቶቮ ከሌሎች የምትለየው፣ የእሷ ተሰናባች በሞተር ሳይክል ላይ የተቀመጠ በመሆኑ ብቻ ነው። እርሱም የኢስክራ ክለብ አንጋፋ ተወዳዳሪ፣ የብዙ ዋንጫዎች ባለቤት፣ የአጥንት ሐኪሞች ሁሉ የቅርብ ወዳጅ፣ ክቡር ዜኖን ኩርፒሽ ነው። በዚህ ላይ የታናሽ እህቴ የሉድቪካ ባል ነው፤ ስለዚህ የምጽፈውን ሁሉ የምጽፈው በቅርብ ሆኖ እንደ ተቸገረ ሰው ነው።

ቫርቶቮ ውስጥ እሑድ ከምሳ በኋላ ስታዲየም የማይገኝ ሰው ወይ ታሟል፣ ወይ ቄስ ነው፣ ወይ እኔ ነኝ። ቄሱም ቢሆን የከሰዓቱን ጸሎት ከውድድሩ ጋር እንዳይጋጭ አድርገው ያሸጋሽጋሉ። ስፖርቱን ዡዠል እንለዋለን። አራት ሰዎች አንድ ማርሽ ብቻ ባላቸው፣ ፍሬን በሌላቸው ሞተር ሳይክሎች ላይ ይቀመጣሉ፤ ፊት ለፊታቸው የተዘረጋው የመነሻ ገመድ ወደ ላይ ሲስፈነጠር በአፈር ትራክ ላይ አራት ዙር፣ ወደ ግራ ብቻ እየታጠፉ፣ አንዱ በሌላው ፊት ላይ አፈር እየረጨ ይሽቀዳደማሉ። አንዱ ሩጫ አንድ ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ከዚያ ሌሎች አራት ይመጣሉ። ይኸው ነው። በዚህ ምክንያት ነው እንግዲህ የከተማችን ግማሽ ሕዝብ ከሌላው ግማሽ ጋር የማይነጋገረው።

ሞተሩ ለምን ፍሬን እንደሌለው አንድ ጊዜ ዜኖንን ጠይቄው ነበር። ከልቡ ተገረመ። «ፍሬን ምን ይሠራል ጋሼ?» አለኝ። «መቆም የፈለገ ሰውማ ቤቱ ይቀመጣ።»

ከቤተሰባችን ጋር የተዋወቀውም በዚሁ ፍሬን ማጣት ነው። አባቱ በባቡር ጣቢያው የተሰበሩ ፉርጎዎችን የሚጠግን ጭምት ሰው ነበር፤ ልጁን ገና ጢም ሳያበቅል ለክለቡ አሠልጣኞች አስረከበው። ዜኖን በመጀመሪያው ቀን፣ በመጀመሪያው ዙር፣ በመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ መታጠፉን ረሳ። የእንጨቱን አጥር ጥሶ ከስታዲየሙ ጀርባ ባለው የእናቴ የጎመን ማሳ ውስጥ ገባ። እዚያ ሉድቪካ ውኃ እያጠጣች ነበር። ከወደቀበት ተነሥቶ፣ የጎመን ቅጠል በራስ ቁሩ ላይ እንደ ተለጠፈ፣ «ይቅርታ፣ ፍሬን የለውም» አላት። እህቴ እስከዚያ ቀን ድረስ አስተዋይ ልጅ ነበረች። ዜኖን በአጥር በኩል ወደ ቤታችን የገባው እንዲህ ነው፤ በበር በኩል እስኪወጣ ብንጠብቅም አልወጣም።

ሲጋቡ፣ በእኛ ዘንድ ቀለበት የሚጠለቅበት ቀኝ እጁ ከክርኑ እስከ ጣቶቹ በጀሶ ታሽጎ ስለነበር፣ ቀለበቱ የሚገባበት ጣት ጠፍቶ በክር ታስሮ አንገቱ ላይ ተንጠለጠለ። በሠርጉ ማግስት ክለቡ ዘንድ ታየ። «ሞተሩን ላየው ብቻ ነው፤ አንድ ደቂቃ እኮ ነው» ብሎ እንደ ወጣ እህቴ ነገረችኝ። ይህችን ሐረግ በደንብ ያዙልኝ። ሐኪሙ ከአልጋ እንዳይነሣ ሲያዘው ያላት እሷን ነው፤ ሴት ልጁ ክርስትና በምትነሣበት ቀን ዘግይቶ ሲመጣ ያላት እሷን ነው፤ የገዛ እናቱ ልደቷን አክብሮ እንዲቀመጥ ስትለምነውም ያላት እሷን ነው። አንድ ደቂቃ እኮ ነው። እውነትም አንድ ደቂቃ ነው፤ ችግሩ አንድ ደቂቃው የማያልቅ መሆኑ ነው።

ይህ ሰው ከሞተሩ ላይ ሲወርድ ይሻለው ይሆን ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። አይሻለውም። የእሑድ ምሳ ላይ የዶሮው ሾርባ ገና ሳይቀዳ የጨው ዕቃውን፣ የሰናፍጩን ብልቃጥ፣ የኮምጣጤውን ጠርሙስና የቁንዶ በርበሬውን ዕቃ አንድ መስመር ላይ ያሰልፋል። ጨው ሁልጊዜ እሱ ነው። ሰናፍጭ ከአሥራ ምናምን ዓመት በፊት መታጠፊያ ላይ የገፋው የሌላ ከተማ ተወዳዳሪ ነው። ከዚያ ጨው ሰናፍጭን በውስጥ በኩል አልፎ፣ በዳቦው ዙሪያ ወደ ግራ ታጥፎ፣ ኮምጣጤን እኔ ላይ ገልብጦ አንደኛ ይወጣል። ለዓመታት ስመለከት ጨው ተሸንፎ አያውቅም። ሾርባው ግን ሁልጊዜ ይቀዘቅዛል።

የወጥ ቤቱን ወለል ያየ ሰውም የሆነውን ይረዳል። ተወዳዳሪዎች መታጠፊያ ላይ መሬት የሚጎትቱበት የግራ ጫማቸው ከሥሩ ብረት የተገጠመለት ነው። ክቡርነቱ ለእንግዳ «እንዲህ ነው የሚታጠፈው» ብሎ ለማሳየት ያንን ጫማ አድርጎ በወለሉ ሸክላ ላይ ከምድጃው እስከ መስኮቱ ድረስ ቅስት ሥሏል። ሉድቪካ ቅስቱን በምንጣፍ ብትሸፍነው፣ ምንጣፉን ገልጦ ያሳያል።

ቅዱስ ቁርባኑ ከተማውን በሚዞርበት በዓል የሠራው ሥራ ደግሞ እስከ ዛሬ ይወራል። ሕዝቡ መዝሙር እየዘመረ በዝግታ ሲሄድ፣ ዳቦ ቤቱ ጋ ያለው መታጠፊያ ላይ ሲደርስ ዜኖን ሳይታወቀው እንደ ትራኩ በውስጠኛው በኩል ሾልኮ መቅደም ጀመረ። ዓርማ የያዙትን ምእመናን አለፈ፣ የትንፋሽ መሣሪያ የሚነፉትን የባቡር ሠራተኞች አለፈ፣ አበባ የሚበትኑትን ሕፃናት አለፈ፤ ከቄሱ ጎን ሲደርስ ቄሱ ሳይዞሩ፣ «ዜኖን ልጄ፣ እኔን ቀድመህ የት ልትደርስ ነው?» አሉት።

«ይቅርታ አባ» አላቸው። «ውስጡ ክፍት ሆኖ ነው።»

አንድ ኩራት አለው፤ ሌላው ሁሉ ከዚህ ኩራት በታች ነው። የመነሻውን ገመድ ነክቶ አያውቅም። ገመዱ ሳይነሣ ወደ ፊት ተንሸራትቶ የነካ ሰው ከሩጫው ይባረራል፤ በቫርቶቮ ግን ቅጣቱ በዚያ አያበቃም። ሥጋ ሻጩ ስታኒስዋቭ በወጣትነቱ፣ ክለቡን ከመልቀቁ በፊት፣ አንድ ጊዜ ብቻ ገመድ ነክቶ ነበር። ዛሬ የልጅ ልጆች አሉት፤ ከተማው ግን አሁንም «ገመዱ» ነው የሚለው። «ከገመዱ ዘንድ ቋሊማ ግዛ» ይባላል። ስሙን ያወጣለት ማን እንደሆነ መገመት አይከብድም። ክቡርነቱ ሥጋ ቤቱ በር ላይ በደረሰ ቁጥር ቆሞ፣ በምናብ ገመድ ሥር ጎንበስ ብሎ ያልፋል። «ያው ገመድ የሚነካ ሰው እጁ ይንቀጠቀጣል፤ እንዴት ሥጋ ይቆርጣል?» ይለዋል። ሥጋ ሻጩም ሁልጊዜ ጅማት የበዛበትን ቁራጭ ይመርጥለታል፤ የምትቀቅለው ግን እህቴ ናት።

አሁን ወደ ስንብቱ ልመለስ። በእኛ ዘንድ አንጋፋ ተወዳዳሪ ሲያቆም የስንብት ውድድር ይዘጋጅለታል። ከሌላ ከተማ የድሮ ተቀናቃኞቹ ይመጣሉ፤ የሙዚቃ ባንዱ ይነፋል፤ እሱ ብቻውን፣ የራስ ቁሩን አውልቆ፣ በዝግታ የመጨረሻውን ዙር ይዞራል፤ ጓደኞቹ ወደ ላይ ወርውረው ይቀልቡታል፤ ከንቲባው ስጦታ ይሰጣሉ፤ ሕዝቡ ያለቅሳል። ዜኖን መጀመሪያ ሲሰናበት እኔም ማታ ቤታቸው በተደረገው ግብዣ ላይ ንግግር አደረግሁ። ስለ አንድ ዘመን ፍጻሜ ተናገርኩ። ከንቲባው የግድግዳ ሰዓት ሰጡት። ክረምቱ አልፎ በረዶው ሲቀልጥ፣ ጎረቤት ሁሉ የሚያውቀው፣ የውድድር ሞተሩ የሚጠጣው የጉሎ ዘይት ሽታ ከጋራዡ መውጣት ጀመረ። ብሄድ ቆዳ ልብሱን ለብሶ አገኘሁት። ትራኩን ሊሞክርላቸው ብቻ መሆኑን፣ ይህም አንድ ደቂቃ ብቻ እንደሚወስድ አስረዳኝ። ቅጠል ሳይበቅል የቡድኑ አምበል ሆነ።

ሁለተኛው ስንብት ከጥቂት ዓመታት በኋላ መጣ። ባንዱ ያንኑ ዜማ ነፋ፣ ሕዝቡም በመጠኑ አለቀሰ፣ እኔ ንግግር አላደረግሁም። ሌላ የግድግዳ ሰዓት ተሰጠው። በሚቀጥለው ጸደይ ተመለሰ። ሁለቱ ሰዓቶች ዛሬ በሳሎኑ ውስጥ ፊት ለፊት ተሰቅለዋል፤ ተስማምተው አያውቁም። ስለ ሦስተኛ ስንብት ጠቆም ሲያደርግ የክለቡ ሊቀ መንበር አቶ ሶቦትካ የሚሰጥ የግድግዳ ሰዓት እንዳለቀባቸው በትሕትና ነገረው።

ሉድቪካ ስታዲየም ሄዳ አታውቅም። ቤታቸው ከትራኩ ብዙ ስለማይርቅ መሄድም አያስፈልጋትም። እሑድ ከሰዓት እኔና እሷ ከጓሮው ዛፍ ሥር ኬክና ሻይ ይዘን እንቀመጣለን፤ የምናወራው ስለ ሌላ ነገር ነው። የሞተሮቹ ጩኸት ሲነሣ ግን የሻይ ማንኪያዋ ይቆማል። አራት ሞተር ሲነሣ ትሰማለች። አራት ሞተር ሲጨርስ ከሰማች ስኳሩን ታማስላለች። ሦስት ብቻ ከሰማች ሽርጧን ፈትታ ትነሣለች። ከበሩ ኋላ ሁልጊዜ የተዘጋጀ ቡናማ ቦርሳ አለ፤ ፒጃማ፣ ነጠላ ጫማ፣ ሳሙና፣ ፎጣ። ሌላ ሴት ለባሏ ለመንገድ የምታዘጋጀውን እህቴ ለሆስፒታል ታዘጋጃለች። እኔም ከጊዜ ብዛት መቁጠር ለመድኩ። ይህን የምናገረው በስፖርቱ ስለተማረክሁ ሳይሆን እህቴን ስለማይ ነው።

ባለፈው ዓመት መኸር ሦስት ሰማን።

የተጎዳው አከርካሪው ነበር። ለረጅም ወራት በጠንካራ መደገፊያ ታስሮ እንደ ሐውልት ተቀመጠ። ሐኪሟ ሳታለባብስ ነገረችው፤ አሁን ተርፏል፣ ሌላ ውድቀት ግን ከተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሊያስቀምጠው ይችላል። ዜኖን ለሉድቪካ ከእንግዲህ እንደማይወዳደር ቃል ገባ። ጸደዩ አለፈ፤ የጉሎ ዘይት ሽታ አልመጣም። እሱ በጋራዡ ውስጥ ሞተሩን እየፈታ ያጸዳል፣ መልሶ ይገጥማል፣ እንደገና ይፈታል። እኔም በሞኝነቴ ነገሩ አበቃ ብዬ አመንኩ።

በመስከረም፣ በመጨረሻው ውድድር ዋዜማ፣ አቶ ሶቦትካ አበባ ይዞ መጣ። ለሴት አበባ ይዞ የሚመጣ የክለብ ሊቀ መንበር መጥፎ ነገር ፈልጎ ነው የሚመጣው፤ ይህን ሉድቪካ ከእኔ በላይ ታውቃለች፤ አበባውን ተቀብላ ውኃ በሌለበት ባልዲ ውስጥ ዶለችው። ሁለት ተወዳዳሪዎች ተሰብረዋል፣ አንዱ ታሟል፤ ኢስክራ ከተሸነፈ ከሊጉ ይወርዳል። ዜኖን የሚፈለገው ለመጨረሻው ሩጫ ብቻ ነው። ሕዝቡ መነሻው መስመር ላይ ሲያየው ሌሎቹ ልጆች ልብ ያገኛሉ ሲል ሶቦትካ ብዙ ተናገረ።

ዜኖን እምቢ ማለት የማይችል ፍጡር ነው። እምቢታም ፍሬን ነውና። መነሻው መስመር ላይ እንደሚቆም ለሶቦትካ ቃል ሰጠው። ሰውየው ከወጣ በኋላ ወደ ሚስቱ ዞረ።

«ሉድካ፣ አንድ ደቂቃ እኮ ነው።»

«ለአንተ ነው አንድ ደቂቃ ዜኔክ» አለችው። ድምፅዋ ከፍ አላለም። «እኔ እዚያ ዛፍ ሥር ሠላሳ ዓመት ተቀምጫለሁ።»

እሱ ወደ ጋራዡ ሄደ። እሷም ከበሩ ኋላ ቦርሳውን አንሥታ ለእኔ ሰጠችኝ። «ነገ አንተ ይዘኸው ሂድ። ከወደቀ አንተ ትከተለዋለህ። እኔ ሆስፒታል አልሄድም ብያለሁ፤ ሲመለስም እዚህ አያገኘኝም።» ልጃቸው ፖዝናን ስለምትኖር ወዴት እንደምትሄድ መጠየቅ አላስፈለገኝም።

እንግዲህ በዚህ ዕድሜዬ፣ የሰው ፒጃማ ይዤ፣ ስታዲየም ገባሁ። ቦታ ስፈልግ አንድ ወፍራም ሰው የውድድሩን ነጥብ በእርሳስ መሙላቱን ትቶ ከእግር እስከ ራሴ አየኝ።

«አባባ፣ ቦርሳው ምንድን ነው? እዚሁ ሊያድሩ ነው?»

«ሰው ልቀበል ነው» አልኩት።

«ታዲያ ተሳስተዋል፤ ባቡር ጣቢያው በዚያ በኩል ነው።» ዙሪያው ሳቀ። ወደ ተወዳዳሪዎቹ መግቢያ ሄጄ አጥሩ ሥር ቆምኩ።

የመጨረሻው ሩጫ ሲደርስ ነጥቡ እኩል ነበር። እኩል መለያየት ከመውረድ ስለሚያድነን፣ ከሚሮጡት ሁለት የኢስክራ ተወዳዳሪዎች አንዱ ሁለተኛ፣ ሌላው ሦስተኛ እንኳ ቢወጡ ይበቃ ነበር። ዜኖን ብቅ ሲል ሕዝቡ በሙሉ ተነሣ። ክቡርነቱ እንደ ልማዱ ከሞተሩ ወርዶ የመነሻውን አፈር በተረከዙ ረገጠ፣ ጠፈጠፈ፣ አሸተተው ማለት ይቻላል። ሲነሣ እኔን አየኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለምኖት ስታዲየም ያልረገጠውን ሰውዬ አየና መጀመሪያ ፈገግ አለ። ቀጥሎ በእጄ ያለውን ቦርሳ አየ። ያን ቦርሳ የሚይዘው ማን እንደሆነ፣ ዛሬ ለምን በእኔ እጅ እንዳለ ለማወቅ ብዙ ጊዜ አልፈጀበትም። ፈገግታው ጠፋ። መነጽሩን አወረደ፤ ሞተሩ ላይ ተመልሶ ወጥቶ ከገመዱ ፊት ቆመ።

አራቱ ሞተሮች ጮኹ። ከዚያ፣ ገመዱ ገና ሳይነቃነቅ፣ ዜኖን ኩርፒሽ ወደ ፊት ተንሸራተተ። እንደ ጀማሪ ተስፈንጥሮ አልነበረም። መጋረጃ ገልጦ ወደ ጓዳ እንደሚገባ ሰው፣ በዝግታ፣ ገመዱን በደረቱ ገፋው።

ቀይ መብራት በራ። ስታዲየሙ በፉጨት ተሞላ፤ ቀጥሎ፣ ከላይኛው መደዳ፣ አንድ ሰው ሥጋ ሻጭ ብቻ በሚያወጣው ድምፅ «ገመዱ!» ብሎ ጮኸ፤ ሺህ ሰው ተቀበለው።

በደንቡ መሠረት ተጠባባቂው በቦታው ገባ። ሦስተኛ ወጣ፤ ሌላው የእኛ ልጅ ሁለተኛ ወጣ፤ ኢስክራ በሊጉ ቀረ። ሕዝቡ ሲጨፍር ዜኖን ሞተሩን እየገፋ ወደ መግቢያው መጣ። ሠላሳ ዓመት ነክቶት ስለማያውቀው ገመድ ልጠይቀው አፌን ስከፍት ቀደመኝ።

«ፍሪሲዮኑ አመለጠኝ ጋሼ» አለ። «ለማንም አትንገር።»

ስታዲየም ሙሉ ሰው ያየውን ነገር ለማን እንደምነግር አልገባኝም። ቦርሳውን ከእጄ ተቀብሎ ከሞተሩ መሪ ላይ አንጠለጠለው፤ በእግራችን ወደ ቤት ሄድን። እህቴ ካፖርቷን ለብሳ ዛፉ ሥር ተቀምጣ ነበር። አራት ሲነሡ ሰምታለች፣ መቆሙን ሰምታለች፣ እንደገና አራት ተነሥተው አራት ሲጨርሱ ሰምታለች፤ መሐል ላይ የሆነውን ግን ከዚያ ሆኖ መስማት አይቻልም። ባሏን፣ ከዚያ የቆዳ ልብሱን አየች። ቅንጣት አፈር የለበትም። ቦርሳውን ወስዳ ከፈተችው፤ ፒጃማውን መሳቢያ ውስጥ፣ ሳሙናውን መታጠቢያ ቤት፣ ነጠላ ጫማውን አልጋው ሥር አደረገች። ካፖርቷን መጨረሻ ላይ ነው ያወለቀችው።

ከዚያ ወዲህ ክቡር ዜኖን በቫርቶቮ ገመዱ ሁለተኛው ይባላል። ሥጋ ሻጩ ባየው ቁጥር ከመደርደሪያው ኋላ ጎንበስ ብሎ ያልፋል፤ ይሁን እንጂ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጅማት ሰጥቶት አያውቅም። ሕፃናት ሳይቀሩ ያላግጡበታል። እሱም፣ ያ ጨው ተሸንፎበት የማያውቀው ሰው፣ «ፍሪሲዮን ነው፣ ፍሪሲዮን» እያለ ያልፋል። ሞተሩን ለተጠባባቂው ሰጠው። ባንድ አልተነፋም፣ ሰዓት አልተሰጠም፣ ማንም ወደ ላይ አልወረወረውም። ሁለት ጊዜ ተሰናብቶ ያልሄደው ሰው ሳይሰናበት ሄደ።

ሥርዓት ወዳድ ሰው በዚህ ደስ ሊለው ይገባል። እኔም ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። ያለፈው እሑድ ምሳ ላይ ተቀመጥን። ሾርባው ትኩስ ነበር። ጨው በጨው ቦታ፣ ሰናፍጭ በሰናፍጭ ቦታ ቆመዋል። ዜኖን እጆቹን ጭኑ ላይ አድርጎ ዳቦውን ይመለከታል፤ ሁለቱ ሰዓቶች ከሳሎን፣ አንዱ ከሌላው ዘግይቶ፣ ሲደውሉ ይሰማል። እንዲህ ያለ የሚያናድድ ጸጥታ በሕይወቴ አልገጠመኝም።

የጨው ዕቃውን አነሣሁ። ሰናፍጩን፣ ኮምጣጤውንና ቁንዶ በርበሬውን ከጎኑ አሰለፍኩ።

ዜኖን ቀና አለ። መታገሥ አቃተው። «ጋሼ፣ ጨው እዚያ አይደለም የሚቆመው» አለ። «ውስጥ በኩል ነው። አንተ ደግሞ ምንም አታውቅም።»

«እሺ፣ አሳየኛ።»

ሉድቪካ ጭልፋውን እንደ ያዘች ሁለታችንንም አፈራርቃ አየችን፤ ሾርባው እየቀዘቀዘ መሆኑን አሳሰበች።

«አንድ ደቂቃ እኮ ነው» አልኳት።